አራት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን የቀረው ፓስፖርት

ከደብረ ታቦር ባሕር ማዶ ልሄድ የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አይቆጠርም የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አጥርቼ የማስታውሰው እሱን ነው፤ የተለቀሰልኝ ያኔ ነዋ! በሁለተኛው ጊዜ ማንም አላለቀሰም፤ እንባው ቀደም ብሎ አልቋል።

የዚያን ዕለት ሚኒባሱ ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል ስለተባለ ጎረቤቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ቤታችንን ሞላው። የጉና ተራራን ንፋስ የቀመሰ ብርዱን ያውቀዋል። ጋቢ በጋቢ የደረበው ሰው በየተራ እየተነሣ አንገቴን አንቆ ይስመኛል፤ ከዚያ አንድ ነገር እጄ ላይ ያኖራል። አንዷ ድርቆሽ፣ አንዷ በሶ፣ አንዷ በርበሬ። እትዬ ጥሩ የሚባሉ አሮጊት ጎረቤታችን ደግሞ ከገሳይ ገበያ የመጣ ድንች በፌስታል ሞልተው ከች አሉ።

«እትዬ ጥሩ፣ እኔ ድንቹን ምን ላደርገው ነው?» ብላቸው፣

«ባሕር ላይ ድንች አይበቅልም፤ ያዢ!» አሉኝ።

ምን ብዬ ልከራከር? እውነታቸውን ነው፤ አይበቅልም።

ስሜ ትሁን ነው። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ሰባት ዓመት አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። የማነጥፈው አንሶላ ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተታለች እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር። አንድ ወኪል ይህን አይቶ ነው «ክሩዝ መርከብ ላይ ላስቀጥርሽ» ያለኝ። ክሩዝ ምን እንደሆነ ለአባቴ ማስረዳት ግን ሥራውን ከማግኘት ይከብድ ነበር።

«ሰዎች ከፍለው ይሳፈራሉ። መርከቡ ባሕር ለባሕር ያዞራቸዋል። ሲበሉ ሲጨፍሩ ይሰነብቱና የተነሡበት ወደብ ይመለሳሉ።»

«ወደተነሡበት ከተመለሱ ታዲያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

«ሊዝናኑ ነዋ፣ የኔታ።»

«እንደ ውድማ በሬ እየዞሩ?» አሉ።

አባቴን «የኔታ» ነው የምላቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ሲጠሯቸው እየሰማሁ አፌን ስለፈታሁ «አባዬ» ማለትን ሳልለምድ ቀረሁ። እናቴ ዳዴ ስል ነው ያረፈችው። የኔታ የሚታወቁት በባሕረ ሐሳብ ነው፤ በዓላትና አጽዋማት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት። በጣታቸው አንጓ ነው የሚቆጥሩት። ቁጥር ያለበት ወረቀት ካዩ ሳያወጡት ሳያወርዱት አያልፉትም። በዋዜማው ፓስፖርቴን ተቀብለው አገላበጡት።

«ይህ የሚያልፈው መቼ ነው?»

የፈረንጁን ቀን አነበብኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ የፈረንጁን ወደኛ መልሰው ሲያበቁ «አራት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን አለው» አሉ። «ሰፊ ነው። ምንም አይልሽ።»

በየኔታ ስሌት ተጠራጥሮ ያተረፈ ሰው የለም። እኔም ተኛሁ።

መርከቡን የምሳፈረው ዱባይ ነው፤ ቦሌ ስደርስ ሻንጣዬ ከነድንቹ ሚዛን ላይ ወጣ። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ ድምጿ ማር ነው። ፓስፖርቴን አየች፤ እኔን አየች፤ እንደገና ፓስፖርቱን አየች።

«እህቴ፣ ቫሊዲቲው አይበቃም።»

«ምኑ?»

«የሚያገለግልበት ጊዜ። ዱባይ ለመግባት ቢያንስ ስድስት ወር ሊቀረው ይገባል።»

«አላለፈም እኮ!»

«አላለፈም።»

«ይሠራል ማለት ነዋ?»

«ይሠራል። ግን አያስሄድም።»

«አራት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን አለው። አባቴ ቆጥረውታል!»

ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና ቅንድቧን አነሣች። «ልክ ናቸው፤ አራት ወር ከዐሥራ አንድ ቀን። አባትሽ የት ነው የሚሠሩት?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

«በጣም ጎበዝ ናቸው» አለችና ሻንጣዬን ከሚዛኑ አውርዳ ሰጠችኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ንባቡን እዚህ ላይ አቁማችሁ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ እዩ። ብዙ አገር ፓስፖርት የሚያልፍበትን ቀን አይደለም የሚያየው፤ ከዚያ ስድስት ወር ቀድሞ ያለውን ቀን ነው። የአምስት ዓመት ፓስፖርት ይዣለሁ የምትሉ፣ የያዛችሁት የአራት ዓመት ተኩል ነው። ግማሹ ዓመት ለጌጥ ነው። ይህን የሚነግራችሁ የለም፤ እኔ ነገርኳችሁ።

ወኪሉ ጋ ስደውል «ውይ፣ እሱን አላየሁትም» አለኝ። ፓስፖርቴን መሳቢያው ውስጥ ዘግቶ ዛሬ ነገ ሲለኝ የከረመው ራሱ ነው! ስሰጠው ዓመት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ዕድሜ ነበረው፤ መሳቢያ ውስጥ አርጅቶ ወጣ። መርከቡ በሁለተኛው ቀን ያለ እኔ ሄደ። ወኪሉ ግን በሁለት ወር ውስጥ አዲስ ፓስፖርት ካወጣሁ ሌላ መርከብ እንዳለ ነገረኝ። ካላወጣሁስ? ሆቴሉ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሯል። ተስፋዬ ያ ሁለት ወር ብቻ ነው።

ፓስፖርት ለማሳደስ የልደት ምስክር ወረቀትና የታደሰ መታወቂያ ያስፈልጋል ተባለ። ሁለቱም ያሉት የት ነው? በእንባ የተሸኘሁበት ደብረ ታቦር።

በነጠላ እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፍኜ ከሚኒባስ ወረድኩ። ሦስት ቀን ሳይሞላኝ! የለቅሶው ዐይን ገና አልደረቀም። ግድግዳ ግድግዳውን ስሄድ ጋሽ ሰይድ፣ ሻንጣውን የሸጡልኝ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ያዩኛል። ሰውየው ሻንጣውን አውቀውታል።

«ትሁን! ባሕሩ እንዴት ነበር?»

እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? ግን አፌ ቀደመኝ። «መርከቡ ተበላሽቶ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ምኑ?»

ከማውቀው ነገር ሁሉ የመጣልኝ አንድ ነው። «ጎማው።»

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ፈጽሞ ሳያላሉ «የፊቱ ነው የኋላው?» አሉኝ።

«የኋላው።»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ! የፊቱ ቢሆን ባሕሩ ውስጥ ትገቡ ነበር።»

እስከ ቀትር ድረስ ገበያው ሁሉ ሰማ። ልጆች ሳይቀሩ «መለዋወጫ ጎማ አገኘሽ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እትዬ ጥሩ ብቻ አልሳቁም። «ድንቹስ የት ደረሰ?» አሉ። እዚያው ሻንጣዬ ውስጥ ነበር፤ ቀቅለን በላነው።

የኔታ ነገሩን በጥሞና ሰሙኝ። የተሰማቸው ኀዘን አይደለም፤ ቁጣ ነው።

«ቁጥሬ ተሳስቷል?»

«አልተሳሳተም፣ የኔታ። ልጅቷ በኮምፒውተር አይታ ልክ ነው ብላለች።»

«እንግዲያው ያላለፈውን አለፈ የሚሉት በየትኛው መጽሐፍ ነው? ሰው ስድስት ወር ሲቀረው ይቀበራል?»

አገሮቹ የሚፈሩት እንግዳው እዚያው ሳለ ፓስፖርቱ አልፎበት መመለሻ እንዳያጣ መሆኑን፣ ወኪሉ እንዳስረዳኝ አድርጌ አስረዳኋቸው። 

«እንግዳው ገና ከደጅ ቆሞ ሳለ መቼ ይሄድልኝ ይሆን ብሎ የሚያሰላ ቤት ጠላው ቀጭን ነው» አሉ። ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔም ጥፋት አለበት። ስንት እንደቀረው ቆጠርኩ እንጂ ስንት እንደሚበቃ አልጠየቅሁም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለብኝ፤ የኔታ ጥፋተኛ ነኝ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመርከቡ መቅረት ይልቅ ያ አስለቀሰኝ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ስሄድ ወኪሉ ያስፈልጋል ብሎኝ መሸኛ ወስጄ ነበር። ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ ጣቱን ስሜ ላይ አሳረፈ፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

«አንቺ ሄደሻል።»

«አልሄድኩም፤ ተመልሻለሁ።»

«ካልሄድሽ እንዴት ተመለስሽ? ከተመለስሽ ደግሞ ሄደሻል።»

«ይኸው ፊትህ ቆሜያለሁ!»

«መቆምሽን አልካድኩም። መዝገቡ ግን አያውቅሽም።»

«ታዲያ የት ነው የምኖረው?»

«እሱን የሄድሽበት አገር ጠይቂ።»

መጨረሻ ላይ እዚህ ለመኖሬ ሁለት ምስክር አምጪ አለኝ። እትዬ ጥሩንና ጋሽ ሰይድን ይዤ መጣሁ። እትዬ ጥሩ ቆጣ ብለው «ትናንት ድንች ስትበላ አይቻታለሁ፤ የሄደ ሰው ድንች ይበላል?» አሉ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አንሥተው ሊምሉ ሲሉ ሠራተኛው «እርስዎ ደግሞ ምን ያውቃሉ?» አላቸው። «እኔማ የጎማውን ጉዳይ ከመጀመሪያው አውቃለሁ» አሉ። ሠራተኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት መዝገቡ ላይ ተደፋ። ሲነሣ ቀይ መስመሩ ላይ «ተመልሳለች» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን መታልኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ መዝገብ ላይ ብዙ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

አዲሱ ፓስፖርት ወኪሉ ከሰጠኝ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወጣ። ቪዛውም በአዲሱ ቁጥር እንደገና ተጠየቀ። በሁለተኛው ንጋት የሸኙኝ የኔታ ብቻ ናቸው። «እግዚአብሔር ይከተልሽ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ፤ ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብለው «ብትመለሺም ቤቱ ያውቅሽ የለ» አሉኝ።

ያን ሁሉ ደክሜበት ያወጣሁትን ፓስፖርት መርከቡ ላይ በገባሁ ቅጽበት ተቀበሉኝ። ደንቡ ነው፤ የሠራተኛው ሁሉ ፓስፖርት ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። እኔና ፓስፖርቴ አንድ ሳምንት እንኳን አብረን ሳንኖር ተለያየን።

ስሜንም ወሰዱት። ፈረንጅ የሚጠራው በመጨረሻው ስም ነውና የአያቴ ስም እኔ ላይ ወደቀ። «ገብረየስ ወደ ልብስ ማጠቢያ!» ይላል ድምፅ ማጉያው። አያቴ ገብረየስ ክረምት ሲሆን የርብን ወንዝ ከዳር ቆመው አይተው፣ አማትበው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። አሁን በውቅያኖስ መሐል ስማቸው ቀን ከሌት ይጠራል። ነፍሳቸው ምን ትል ይሆን?

የምተኛው ከውኃው በታች ባለ ፎቅ፣ መስኮት በሌላት ክፍል፣ ማሪሴል ከምትባል ፊሊፒናዊት ጋር ነበር። ማሪሴል ሩዝ ካልበላች ያልበላች ይመስላታል፤ ልክ እኛ እንጀራ ካላየን እንደምንለው። ስለዚህ ተግባባን። ከወጥ ቤቱ አለቃ ጋር ግን በጾም ተጣላሁ።

«አንቺ ቪጋን ነሽ?»

«ረቡዕና ዓርብ።»

«በሌላው ቀንስ?»

«ሥጋ ስጠኝ።»

«ትናንት ሐሙስ ነው፤ አልበላሽም!»

«ትናንትማ ዐቢይ ጾም ገብቷል።»

የዓመቱን አጽዋማት ጽፈሽ ስጪኝ አለኝ። የኔታን በስልክ አስቆጥሬ ጻፍኩለት። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈና፣ አገጩን ይዞ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን አየ። «ታዲያ የምትበዪው መቼ ነው?»

መርከቡ አናት ላይ ጃኩዚ የሚሉት ነገር አለ፤ ሙቅ ውኃ የሚፈላበት ገንዳ። ፈረንጆቹ እዚያ ውስጥ ተነክረው ዐይናቸውን ሲጨፍኑ ሳይ ወንዛዬ ይመጣብኛል። ወንዛዬ ፍል ውኃ የሚገባ ሰው ቢያንስ ወገቤን፣ ጉልበቴን ብሎ ነው የሚገባው። እነዚህ ምንም ሳያማቸው ነው የሚታከሙት።

ሕይወቴን ያዞረው ቀን የመጣው በሁለተኛው ኮንትራቴ ነው። መርከቡ አንድ ወደብ ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ሁሉ ከተማ ሊያይ ወርዷል። አንሶላ ይዤ አንዱን ክፍል ብከፍት አንዲት ነጭ ጠጉር ያላት አሮጊት ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።  ፓስፖርቷን ወደ እኔ እያወዛወዘች በጣልያንኛ ጮኸች፦

«ኖን ኤ ስካዱቶ!»

እስከዚያ ቀን የማውቀው ጣልያንኛ ከአገሬ ጋራዦች የሰማሁት ጎማና ፍሬን፣ ከመርከቡም የለቃቀምኩት ጥቂት ነበር። ይህን ለመረዳት ግን ቋንቋ አላስፈለገኝም። «አላለፈም!» ነው ያለችው። የዚያ ወደብ ሹሞች ስድስት ወር ያልቀረውን ፓስፖርት አናስወርድም ብለው አስቀርተዋታል። ስትሳፈር ያየላት ሰው እንዴት እንዳላስተዋለው እግዜር ይወቀው።

ሳቄ መጣ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን መጣ። አንሶላውን አፌ ውስጥ ብከትም አልቆም አለ።

«ምን ያስቅሻል?»

አራት ጣቴን ቀሰርኩ። «ኳትሮ ሜዚ?» አልኳት፤ አራት ወር ነው?

«ቺንኩዌ!» አለች፤ አምስት!

ደረቴን መታሁ። «ኢዮ፣ ኳትሮ።» እኔ አራት። ከዚያ በእጅም፣ በእግርም፣ በጋራዥ ጣልያንኛም ታሪኬን ነገርኳት። የጎማውን ስነግራት ባርኔጣዋ እስኪወድቅ ሳቀች።

ሲኞራ ኤልቪራ ትባላለች። የሳቀችበትን ሌላ ምክንያት የነገረችኝ ቆይታ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ማዘጋጃ ቤት፣ የነዋሪዎች መዝገብ ክፍል ነው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወረቀትህ ጎድሏል፣ ነገ ና እያልኩ ሰው ስመልስ ኖሬ፣ ዛሬ ሁሉም ተሰብስበው ተበቀሉኝ» አለችኝ። የቀበሌያችን ልጅ ሲያረጅ ምን እንደሚመስል ያኔ አየሁ፤ ደስ የሚል አሮጊት ነው የሚሆነው።

እስከ ጉዞው መጨረሻ ቀን በቀን ትጠራኝ ጀመር። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ በሌላ አገር ነው የምትኖረው፤ ጉልበቷ ደረጃ አልወጣም ብሏል። የምትኖርባት የጣልያን ወደብ ጄኖቫ ስንደርስ እጄን ይዛ «እኔ ዘንድ ኑሪ፤ ወረቀቱን ለእኔ ተዪው፤ ወረቀት የእኔ ሥራ ነው» አለችኝ። ወረቀቱ ግን ለእሷም ቢሆን ቀላል አልሆነላትም። እኔ ሌላ ሁለት ዓመት ባሕር ላይ አንሶላ ስወጥር፣ እሷ ቤቷ ተቀምጣ ማመልከቻ ስትጽፍ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈቃዱ መጣ።

ጄኖቫ ስትወጡባት ስትወርዱባት የምትውሉባት ከተማ ናት፤ ያም ያም ደረጃ ነው። ለደብረ ታቦር እግር አዲስ አይደለም። ዝናቡ ግን ባሕርይ የለውም። እንደኛ ነጎድጓድ መትቶ፣ በረዶ ዘርግፎ፣ ተቆጥቶ አይወጣለትም፤ ሲያለቃቅስ ይውላል። ሰዉ በር ላይ አይጠራም፤ ቀጠሮ ይዞ ነው የሚመጣው። ለሰላምታ «ደኅና ነሽ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። መጀመሪያ ሰሞን «ቤተሰብሽስ? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ብዬ ልቀጥል ስል የምጠይቀው ሰው ጥግ ዞሯል። ምግባቸው ውስጥ ፋሪናታ የሚሉት አለ፤ የሽምብራ ዱቄት በውኃና በዘይት በጥብጠው የዳቦ ምድጃ ውስጥ የሚጋግሩት። መጀመሪያ ስቀምሰው ዐይኔ ዕንባ ሞላ። ሲኞራ «በጣም ወደድሽው?» ስትለኝ፣ «አይደለም፤ ሽሮውን ወጥ ማድረግ ረስታችሁ ጋገራችሁት» አልኳት። በማግስቱ በርበሬ ጨምሬ ወጥ አድርጌ ሠራሁላት፤ ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ «ድገሚኝ» አለች።

እንዲህ ስንኖር ያ ደክሜ ያወጣሁት ፓስፖርት በተራው አረጀ። የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ የውጭ ዜጎች መስኮት ብሄድ፣ ወጣቱ ፖሊስ ፓስፖርቴን አይቶ አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል አወቅሁ።

«የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው። መጀመሪያ ፓስፖርትሽን አሳድሺ።»

ፓስፖርት ወደሚታደስበት ቢሮ ስደውል ደግሞ፦ «መጀመሪያ የታደሰ የመኖሪያ ፈቃድ አምጪ።»

ዶሮዋ ከእንቁላሉ፣ እንቁላሉ ከዶሮዋ! ሁለት ሳምንት ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ቆየሁ። የኔታ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ዐይናቸው እየደከመ ነው። ለቡሄ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ ሁለቱ ወረቀቶች ካልታደሱ ብሄድም መመለሻ የለኝም። አንድ ቀን ቤት ገብቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ሲኞራ አገኘችኝ።  ባርኔጣዋን ደፋች፣ ምርኩዟን ያዘች፣ ያቺን የድሮዋን ቦርሳ አንጠለጠለች።

ከመስኮቱ ፊት ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች።

«ሲኞራ፣ ሕጉ ነው» አላት ፖሊሱ።

«ልጄ፣ አንተ ሳትወለድ እኔ በሕጉ ሰው አስለቅስ ነበር። አንቀጹን አሳየኝ።»

ፈለገ። አገላበጠ። ኮምፒውተሩን ነካካ። ኋላችን ያለው ሰልፍ ትንፋሹን ዋጠ፤ ናይጄሪያዊው፣ ባንግላዴሻዊው፣ ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። ልጁ ተነሥቶ አለቃውን ጠራ፤ አለቃው መጥቶ ከሲኞራ ጋር በለሆሳስ ተነጋገረ። በመጨረሻ ለፓስፖርት እድሳት የተያዘ ቀጠሮ ማስረጃ ካቀረብኩ ማመልከቻዬን እንደሚቀበሉ ተናገሩ። ማስረጃው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ጠዋት እኔ ሳላውቅ በስልኳ ቀጠሮ ይዛ፣ ጎረቤት ጋ አሳትማ ነው የመጣችው። ደረሰኙን ስቀበል ሰልፈኛው አጨበጨበ።

ስንወጣ ሲኞራ ወደ ኋላ ዞራ ልጁን አየችውና ራሷን ነቀነቀች። «ቶሎ ተሸነፈ። በእኛ ጊዜ ሦስት ቀን እናመላልሳት ነበር።»

ደረሰኙን ይዤ ፓስፖርቴን ለእድሳት ላክሁ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት አልተመለሰም። ቡሄ አልፏል። አሁን እጄ ላይ ያለኝ ወረቀት ወረቀት እንደሚመጣ የሚናገር ወረቀት ነው።

የኔታ ግን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ለካ እኔ ሳላውቅ ባሕር ዳር ወርደው ፓስፖርት አውጥተዋል! የጣት አሻራ የሚወስደው መሣሪያ ጣታቸውን እንቢ ብሎ አስቸግሯል አሉ፤ ሲቆጥሩበት ሲቆጥሩበት አንጓው ብቻ ሳይሆን አሻራውም አልቆ። «ምን ሊያደርግልዎ ነው፣ አባታችን?» ሲሏቸው፣ «ልጄ መምጣት ካልቻለች እኔ ልሄድላት ነው» ብለዋል። ሲኞራ የግብዣውን ደብዳቤ ጻፈች፤ እኔ ቪዛ ጠየቅሁላቸው። «ተመላሽ ስለመሆናቸው በቂ ማስረጃ አልቀረበም» የሚል መልስ መጣ። ሳነብላቸው የኔታ ሳቁ። «ሃምሳ ተማሪ አስቀምጦ ባሕር ማዶ የሚቀር መምህር አይተዋል?» አሉ። እንደገና አመልክተናል፤ ቀጠሮ ገና ነው። ፓስፖርቱን ዳዊታቸውን በሚይዙበት የቆዳ ማኅደር ውስጥ አኑረውታል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደወልኩላቸው። ድንቹ መድረሱን፣ እትዬ ጥሩ ወገባቸውን አሟቸው ወንዛዬ መውረዳቸውን፣ ጋሽ ሰይድ የልጅ ልጅ ማየታቸውን ነገሩኝ። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ፓስፖርቴ ሃምሳ አንድ ወር ቀረው። ለእነሱ ስድስቱን ስተውላቸው አርባ አምስት።»

«ብዙ ነው፣ የኔታ» አልኳቸው።

«ለፓስፖርቱ ብዙ ነው» አሉኝ።

  የጉና ንፋስ ስልኩ ውስጥ ሲገባ ይሰማኛል። ከታች ሲኞራ በምርኩዟ ወለሉን እየመታች ትጠራኛለች። የኔታ ስልኩን አልዘጉም፣ እኔም አልዘጋሁም፤ የሞላሁት ካርድ እስኪያልቅ ድረስ ትንፋሻችንን ስንሰማ ቆየን።